ከዳርዊን የምወስድልህ ልማድ

ወንድማለም፣ «ታላላቅ ሊቃውንት እንቅልፍ አጥተው ነው እዚያ የደረሱት፤ እኔም እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አጠናለሁ፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም» ብለሃል። እስቲ እንግሊዛዊውን የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርለስ ዳርዊንን እንየው።

በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 3 ተኩል ይሠራል። ያርፍና ከ4 ተኩል እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይቀጥላል። ከዚያ በቤቱ አጠገብ ባሠራት የጠጠር መንገድ እየዞረ በእግሩ ይሄዳል። ዋናው ሥራ ይኸው ነው። ግን አያቋርጥም፤ የባሕር ድንጋይ ላይ የሚጣበቁ ትናንሽ እንስሳትን ብቻ 8 ዓመት አጥንቷል።

እኔ ከሁሉ የምወድለት ሌላ ነው። ከሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነገር ሲያጋጥመው እዚያው በዚያው ይጽፈዋል። የሚጋጨን ነገር ከሚደግፈን ይልቅ ቶሎ ይረሳል ብሎ ያምን ነበር። እውነቱን ነው!

አንተም ፈተና ላይ የሳትከውን ጥያቄ «አሃ፣ ይሄንማ አውቀዋለሁ» ብለህ አትለፈው። ኪስ በምትገባ ደብተር ላይ ጻፈው፦ ምን ብለህ መለስክ? ለምን እንደዚያ መሰለህ? አመሻሽ ላይ ደብተሯን ይዘህ ወደ ፒያሳ ውጣ፤ ስልክህን ቤት ተወው። የፋሲል ግንብን አጥር ተከትለህ ስትሄድ አንዱን ጥያቄ አንሳና ሳታይ ለራስህ አስረዳ። ከተደናቀፍክ፣ የነገ ጥናትህ እሱ ነው። ከዚያ ግባና ተኛ።

ካለፈው ፈተና የሳትከውን አንድ ጥያቄ ዛሬውኑ ጽፈህ እዚህ አምጣው፤ አብረን እናየዋለን።