ሁሉም ሥራ «አስቸኳይ» ሲሆን

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ስምንት ሠራተኞች ያሉትን ቡድን አስተባብራለሁ። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ሥራ ቅደም ተከተል ለመወሰን እንሰበሰባለን። አንዱ «የደንበኞች ቅሬታ ይቅደም» ይላል፤ ሌላዋ «የመረጃ ሥርዓቱ ካልታደሰ ቅሬታውም አይቆምም» ትላለች። ከረጅም ጉንጭ አልፋ ክርክር በኋላ ሁሉንም «አስቸኳይ» ብለን መዝግበን እንለያያለን። በማግስቱ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይዞ ይቀጥላል። ሁለቱ የጎሪጥ መተያየት ጀምረዋል፤ የቀሩት አፋቸውን ዘግተው ያዳምጣሉ። ብወስን ደግሞ «አዳላህ» እባላለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የተጋባው አስተባባሪ

ውድ ጠያቂዬ፤

እኔን ያሳሰበኝ ከክርክሩ ይልቅ አጨራረሱ ነው። ሁሉንም አስቸኳይ ማለት ሰው እንዳይቀየም ውሳኔን ማሳደር ነው፤ ስምምነት አይባልም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም ሥራዎቹን በየግሉ በወረቀት ላይ በደረጃ ይጻፍ። ለሁለት ሥራ አንድ ቁጥር መስጠት ክልክል ይሁን። ዝምተኞቹም በዚህ መንገድ ድምፃቸው ይታያል። ደረጃው የተቀራረበውን ይለፉት። አንዱ አንደኛ፣ ሌላው ስምንተኛ ያደረገውን ብቻ አንሥተው «በአንድ ወር ቢዘገይ ማን ምን ይጎዳል?» ብለው ይጠይቁ። «በጣም አስፈላጊ ነው» መልስ አይደለም። «የወሩን ሒሳብ መዝጋት አንችልም» ግን መልስ ነው።

ለሁለቱ ተከራካሪዎችም የቤት ሥራ ይስጧቸው፦ የቅርብ ጊዜ ቅሬታዎችን በየምክንያታቸው አብረው ይለዩ። አብዛኞቹ ከመረጃ ሥርዓቱ የሚመነጩ ከሆነ እስካሁን የተጣሉት በአንድ ሥራ ሁለት ጫፍ ላይ ሆነው ነው።

«የእኔም ቢያንስ ይጀመር» የሚል አይጠፋም። ለእርሱ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጡትን ሕግ ያሳዩት፦ በእጅ ያለው ሥራ ብዛት በሳምንት ለሚጨረሰው ሲካፈል አንድ ሥራ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል። 12 ሥራ በእጁ ይዞ በሳምንት 3 የሚጨርስ ቡድን አንዱን ሥራ በአማካይ 4 ሳምንት ያቆየዋል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ በእጁ ያለውን ወደ 6 ቢቀንስ ቆይታው 2 ሳምንት ይሆናል። ቶሎ መጀመር ቶሎ መጨረስ የሚመስለው ብዙ ሰው ነውና ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ይሥሩት።

ይህም ሆኖ ካልተስማሙ ይወስኑ፤ የተሾሙት ለዚህ ነው። ካልተስማማን የምወስነው እኔ ነኝ የሚለውን ግን ክርክሩ ሳይጀመር ይናገሩ፤ ከክርክር በኋላ የወጣ ደንብ መቼም አድልዎ ይመስላል። ምክንያትዎን በጽሑፍ ያስፍሩ፤ እንዲቆይ የተወሰነው ሥራ እንደገና የሚታይበትንም ቀን ይጻፉ። ከዚያ ቀን በፊት አዲስ «አስቸኳይ» ይዞ የሚመጣ ሰው፣ አለቃዎም ቢሆኑ፣ በምትኩ የትኛው ሥራ እንደሚወጣ አብረው ይንገሩዎት።