ጂአይኤስ ወይስ የጂኦግራፊ አስተሳሰብ ታሪክ?

ውድ እህቴ፣

የሦስተኛ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪ መሆንሽን ጽፈሽልኛል። «የጂኦግራፊ አስተሳሰብ ታሪክ» የሚለውን ኮርስ ለፈተና ያህል ብቻ አንብበሽ ጊዜሽን በሙሉ ለጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ ለመሥራትና የቦታ መረጃን ለመተንተን፣ ልትሰጪው አስበሻል። «ቀጣሪ ስለ ኤራቶስቴንስ አይጠይቀኝም» ብለሻል፤ የምድርን ዙሪያ ስላሰላው ስለ ጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ማለትሽ ነው። እውነትሽን ነው፣ አይጠይቅሽም። ጂአይኤሱንም በርቺበት። ኮርሱን ግን አትናቂው፤ ለምን እንደምልሽ በአንድ ታሪክ ላስረዳሽ።

በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ፈጀ። አብዛኛው ሐኪም በሽታውን ያመጣው መጥፎ አየር ነው ይል ነበር። ጆን ስኖው የተባለ የለንደን ሐኪም ግን ውኃን መጠርጠሩን በጽሑፍ ካወጣ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። የሟቾችን ቤት ሲከታተል አብዛኞቹ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለ አንድ የእጅ ፓምፕ ዙሪያ ሆነው አገኛቸው፤ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። ዛሬ በጂአይኤስ ሥልጠና ሁሉ የሚታየው ያ ዝነኛ ካርታ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄው ቀድሞ ነበር፤ ካርታው ማስረጃ ሆነለት።

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን ከፓምፑ ርቀት ጋር ያልገጠሙት ሰዎች ናቸው። እዚያው አጠገብ የነበረ ቢራ ጠማቂ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ ቢራ ስለሚጠጡና ግቢው የራሱ ጉድጓድ ስላለው ኮሌራው አልገደላቸውም። ሩቅ ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት መበለት ግን ሞተች። የዚያን ፓምፕ ውኃ ጣዕሙን ወድዳው በየቀኑ ታስመጣ ነበር። ስኖው ርቀት ለክቶ አላቆመም፤ ማን ከየት ይቀዳል ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ሶፍትዌር አይጠይቅልሽም፤ እንዲህ መጠየቅን የምትለማመጂው በዚያ ኮርስ ነው።

ወደ አገራችን ሥራ እንምጣ። የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም (የቦታ ልኬት መነሻ ሥርዓት) ነው፤ ጂፒኤስ የሚሰጥሽ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ዳተም ነው። ሳትለዪ ብትደርቢያቸው ቦታው 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። በይዞታ ልኬት ይህ የጎረቤት መሬት ውስጥ መግባት ነው። ካርታው መቼና በምን ስሌት እንደተሠራ መጠየቅ የለመደ ሰው ከዚህ ይድናል።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ በአካባቢሽ አንድ ቀበሌ ምረጪ። ኮምፒውተር ከመክፈትሽ በፊት ውኃ የሚቀዱ እናቶችን በበጋና በክረምት ከየት እንደሚቀዱ፣ ቅርቡን ትተው ሩቁን የሚመርጡ ካሉም ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ ካርታውን ሥሪና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዘሽው ግቢ።