ለተጨናቂ ሰው የፓኒክ ሕክምና ይሠራል ወይ? ለሐረሯ እህታችን የተሰጠ መልስ

ሐኪም የፓኒክ ሕመም (ልብን እያስመታና እያዞረ በድንገት ደጋግሞ የሚመጣ ከባድ ፍርሃት) እንዳለብዎት ከነገረዎት በኋላ «ከልጅነቴ ጀምሮ ተጨናቂ ነኝ፣ ሰው ማስቀየምም አልወድም፤ እንዲህ ያለ ጠባይ ላለው ሰው የንግግር ሕክምና ይሠራል ወይ?» ብለው ለጠየቁን እህት የምመልሰው፣ ድሬዳዋ ውስጥ በሥነ ልቦና ምክር ሥራ ካየሁት ተነሥቼ ነው። አዎ፣ ይሠራል። ጠባይ በአብዛኛው የሚወስነው ሕመሙ በምን ያህል ክብደት እንደሚጀምርና ሕክምናው የት ላይ እንደሚሰናከል ነው እንጂ መዳን አለመዳንን አይደለም።

የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ ተጨናቂ የሆነ ወይም በሰው የመደገፍ ጠባይ የጠነከረበት ሰው ሕመሙ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ በመጨረሻም ከሌላው ይልቅ ጥቂት ምልክት ሊቀርበት ይችላል። የሚያሳየው መሻሻል ግን ብዙ ጊዜ ከሌላው ጋር ይቀራረባል። ከዚህም ሌላ ፓኒክ በበረታበት ሰሞን የተሞላ የጠባይ መጠይቅ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ብቻዋን ገበያ መውጣት ያቃታት ሴት እህቷን ይዛ ብትወጣ፣ ጥገኛ ስለሆነች ሳይሆን ስለፈራች ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃቱ ሲቀል ጥገኝነቱም አብሮ ሲቀል አይቻለሁ።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ፓኒክን የሚያባብሰው የልብ ምትን ወይም ማዞርን «ልሞት ነው» ብሎ መተርጎም ነው። ስለዚህ በሕክምናው እነዚያኑ ስሜቶች ሆን ብለን እንጠራቸዋለን፤ ባሉበት መሮጥ፣ ወንበር ላይ መሽከርከር፣ በቀጭን ስትሮ መተንፈስ የመሳሰሉትን እናሠራለን። በሰኔ ሙቀት ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከቤት መውጣቱ ብቻ ልምምድ ይሆናል።

እኔን ከፍርሃት ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሉኝታ ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጬ ልንገርዎት። አንዲት ደንበኛዬ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ብቻዋን በባጃጅ እንድትሄድ ተስማምተን ነበር። በመጣች ቁጥር «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነበር» ትለኛለች፤ ሕመሟ ግን ፈቀቅ አይልም። አንድ ቀን ጠበቅ አድርጌ ስጠይቃት የሻርፗን ጫፍ ፈታች፤ የቋጠረቻት አንዲት ዳያዜፓም፣ ማለትም የማረጋጊያ ኪኒን፣ ነበረች። ባለቤቷም እስክትወርድ ድረስ ስልክ ላይ ነበር። እኔን ላለማሳዘን ብላ ደብቃኝ ኖሯል። ኪኒኗን ባትውጣትም እንኳ «የዳንኩት እሷ ስለነበረች ነው» የሚለው እምነት ስለሚቀር፣ መንገዱ ምንም አላስተማራትም። ከዚያ በኋላ የተበላሸውን እንድትነግረኝ አደራ ብዬ፣ ኪኒኗን ቤት ትታ ስልኳንም ዘግታ በአጭር መንገድ ጀመርን፤ ለውጡ የመጣው ያኔ ነው።

«እኔ ፈሪ አይደለሁም» የሚለው ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የልብ ምርመራውን ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ይዞ ይዞራል፤ ስለ አእምሮ ሲነሣ ይቀራል። ከእሱ ጋር ስለ ፍርሃት ሳይሆን ስለ አተነፋፈሱ መጀመር ይሻላል። ጥንቁቁ ሰው ደግሞ የቤት ሥራውን አያጓድልም፤ ሆኖም የአተነፋፈስ ልምምዱን እንደ መከላከያ ክታብ እንዳይዘው መጠበቅ ያስፈልጋል። (በነገራችን ላይ፣ ጫት ተቅሞ የመጣን የልብ ምት በጠባይ ማሳበብ አይገባም፤ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም አስቀድሞ ቢደረግ ጥሩ ነው።)

እርስዎም ገና በመጀመሪያው ቀን «ሰው ማስቀየም ስለማልወድ ያልሆነውን ሆነ ልልዎት እችላለሁ» ብለው ለባለሙያው ይንገሩት። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ምን ይዘው፣ ከማን ጋር እንደሄዱ በወረቀት ይጻፉለት፤ በአፍ የሚከብደው በጽሑፍ ይቀላል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 12 ያህል ቀጠሮ ይወስዳል፤ ግማሹ ሲያልፍ ለውጥ ከሌለ እንደ ሰርትራሊን ያለ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ስለመጨመር ሐኪምዎን ይጠይቁ። ዳያዜፓም በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ ግን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በራስዎ ፈቃድ በድንገት እንዳያቋርጡት።