ልጅቷ በየገጹ ሌላ ሰው ትሆንብኛለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ ስለ አንዲት እረኛ ልጅ ተረት ጽፌ ሥዕሉንም ራሴ ጀምሬዋለሁ። ልጅቷ ግን በየገጹ ሌላ ሰው ትሆንብኛለች። የግድ ሥዕል ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ትምህርት ቤት ብትገቢ መልካም ነው፤ ይህን ችግር ግን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትፈቺዋለሽ። ለጊዜው ታሪኩን ተዪውና ልጅቷን ብቻ ሳዪ፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ፣ ስትሮጥ፣ ስታኮርፍ። ቁመቷን በጭንቅላቷ ለኪ፤ አዋቂ ሰባት ተኩል ጭንቅላት ያህል ሲሆን ትንሽ ልጅ አምስት ገደማ ናት። ሹሩባዋ ስንት መስመር ነው? ጋቢዋን በየትኛው ትከሻ ትጥላለች? ይህን ወስነሽ ወረቀቱን ከጠረጴዛሽ በላይ ለጥፊው።

ከዚያ 8 ሉክ ወረቀት ደራርበሽ መሐሉ ላይ እጠፊና ስፊው፤ 32 ገጽ ይወጣዋል። አብዛኛው የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ይኸው ነው ገጹ። ንድፉን በእርሳስ ብቻ ጣዪበት፤ ቀለም ገና ነው። ፊት መታጠፊያው ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቂ፣ መጽሐፉ ሲጠረዝ ይዋጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፦ ጽሑፉ የተናገረውን ሥዕሉ አይድገመው። «ፈራች» ካልሽ አፏን ከመክፈት ይልቅ በትሯ ከእጇ ወድቆ፣ በጎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው አሳዪን።

ንድፉን ለተማሪዎችሽ አንብቢላቸው። ገጹን ሳትገልጪ «ቆይ!» ያሉሽ ቦታ ሠርቷል፤ መስኮት መስኮት ያዩበትን ገጽ እንደገና ሳዪው።