የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በኪሎ ይሸጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ አጂፕ አካባቢ ጋራዥ አለኝ። ከተጋጨች የኤሌክትሪክ መኪና የወረደ ባትሪ ግቢዬ ውስጥ ከግድግዳ ተጠግቶ ተቀምጧል። ባለቤቷ “የፈለግከውን አድርገው” ብሎኛል። ቆራሌዎች ደግሞ “ውስጡ መዳብ አለው፣ በኪሎ እንግዛህ” እያሉ ይመላለሳሉ። ፈትቼ ልሽጠው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎት፣ አይፍቱት። ለቆራሌም አይስጡት። የቆራሌ ልጆቹ ይሞቱብዎታል።

የለመድነው የእርሳስ ባትሪ 12 ቮልት ነው። ይሄኛው ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው። በቴስተር ቢለኩት ዜሮ ሊያሳይዎት ይችላል። እንዳይሸወዱ! መኪናዋ ስትጠፋ ባትሪው ውስጥ ያለው ማቋረጫ ስለሚከፈት ነው እንጂ ውስጡ የተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች (ሴሎቹ) ኃይላቸውን እንደያዙ ናቸው። ክዳኑን ያነሳ ሰው እጁን የሚያገባው እዚያ ውስጥ ነው።

መዳቡ በእርግጥ አለ። ግን ከፀጉር የሳሳ ወረቀት ሆኖ፣ ጥቁር ዱቄት ተለብጦበት፣ ከአሉሚኒየም ጋር ተጠቅልሎ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ካቻቢቴ አንዴ ከበሳው ይገናኛሉ፣ ሴሉ ይግላል፣ ጎረቤቱን ያቀጣጥላል። ጭሱ ሳንባ የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አለበት። እሳቱ ጠፋ ተብሎ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ፣ እንደገና ይነሳል። የተረፈውንም የጅማ ዝናብ አጥቦ አዌቱ ወንዝ ይከተዋል።

አሮጌ ባትሪ ፈትቶ ጥሬ ዕቃውን በሚያወጣ ፋብሪካ ግን ኃይሉ መጀመሪያ ይራገፋል። ከዚያ ኦክስጅን በሌለበት ይፈጫል፣ መዳብና አሉሚኒየሙ ይለያል። ጥቁሩ ዱቄት በአሲድ ሟሙቶ ሊቲየም፣ እንደ ዓይነቱም ኒኬልና ኮባልት ይወጣዋል። የቢዋይዲ መኪኖች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ኤልኤፍፒ የሚባለው ባትሪ ግን ኒኬልም ኮባልትም የለውም። ስለዚህ የእርስዎም ይህ ዓይነት ከሆነ ቆራሌዎቹ የሚያወሩትን ያህል ገንዘብ የለበትም።

ዕድሜው ገፍቶ ለመኪና የደከመ ባትሪ ለሶላር ማጠራቀሚያ ብዙ ዓመት ያገለግላል። የእርስዎ ግን ግጭት ያየ ነው። ሳጥኑ ከተጨራመተ፣ ካበጠ ወይም ውሃ ከነካው ለሶላር መጠቀሙን ይርሱት።

አሁኑኑ የሚያደርጉት ይሄ ነው። በሥልጠናና በመከላከያ ጓንት የሚሠራ ባለሙያ ጠርተው ከግድግዳው ያርቁት። ከቤትና ከሚቀጣጠል ነገር ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ከሥሩ ሲሚንቶ ይሁን፣ ከላዩ ዝናብ የማያስገባ ግን አየር የሚያዘዋውር ጣራ። ብርቱካናማዎቹን ኬብሎች ማንም እንዳይቆርጣቸው።

ከዚያ ባለቤቷን ይዘው መኪናዋን ወዳስመጣው ድርጅት ይሂዱ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ ቁጥር እየበዛ ነው። የሸጠ ባትሪውንም መልሶ ይውሰድ ባይ ነኝ። የአውሮፓ ኅብረት አምራቾቹን በሕግ ያስገድዳል። እኛስ ለምን ጋራዡ ይሸከመው? እንቢ ካሉዎት በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ። የሳጥኑን መለያ ጽሑፍ ሳይነኩት በርቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይቼ እነግርዎታለሁ።