«ስጠላው ኖሬ አሁን ምን ነካኝ?»

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ማንነቷን የሚያሳውቀውን ትቼ ደብዳቤዋን እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦

«አሁን ወዳለንበት ሰፈር የገባነው የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከጎረቤታችን ልጅ ጋር የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ልጅ ሆኖ ረባሽ ነበር። ኳሱ የእናቴ ቡና ስጥ ላይ እያረፈ በየዓመቱ ያጣላን ነበር። ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ ከወንድሜ ጋር ተደባድቦ የወንድሜን ጥርስ ሰበረ። ከዚያ በኋላ ጫት ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር። ባለፈው ክረምት አባቴ ሌሊት ላይ ታመመ። ዝናቡ ያወርደዋል፤ ባጃጅ የለም። አዝሎ አስፋልት ድረስ ያወጣው እሱ ነው። ካርድ ያወጣውም፣ መድኃኒት ፍለጋ የዞረውም እሱ ነው። አባቴ ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በራችን ሲንኳኳ ልቤ ይደነግጣል። እናቴ ነገሩ ገብቷት ‹አብራችሁ አድጋችሁ! ወንድምሽ ማለት እኮ ነው› አለችኝ። ይሄ ፍቅር ነው ውለታ? የተለወጠው እሱ ነው እኔ?»

እህቴ፣ ሁለታችሁም ተለውጣችኋል። ኳስ ሲያባርር የነበረው የ14 ዓመት ልጅ ዛሬ የ27 ዓመት ሰው ነው። ያልተለወጠው ስለ እሱ የያዝሽው ሐሳብ ነበር። ጎረቤት በየቀኑ ስለሚታይ የምናውቀው ይመስለናል። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ሲገባና ሲወጣ ነው።

ቅርበት ራሱ የሚሠራው ሥራ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ሰዎች በብዛት የሚወዳጁት በራቸው ከበራቸው ከሚቀራረበው ጋር ነበር። ይሄኛው በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። እምብዛም የማይወራው በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተደረገው ነው። እዚያ ሰዎች አልወደውም የሚሉትም የቅርብ ጎረቤታቸውን ሆኖ ተገኘ። የጎረቤት ጩኸት፣ የጎረቤት ቆሻሻ ቤትሽ ድረስ ይመጣልና። እናንተ ጋ ደግሞ የመጣው ኳስ ነው። ኅዳር ላይ ቡና አስጥቶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው ኳሷ ስጡ መሃል ስታርፍ ምን እንደሚል ስለማውቅ እናትሽን አልፈርድባትም። ልጁም ግን ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚጫወትበት ቦታ ስለሌለው ነው። የወንድምሽ ጥርስ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን አላቃልልም።

አሁን ወደዚያ ሌሊት እንሂድ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት የታወቀ ሙከራ አለ። ካናዳ ውስጥ በሚወዛወዝ ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ አንዲት ሴት ወንዶችን ቃለ መጠይቅ አደረገች። ጠንካራና ዝቅ ያለ ድልድይ ላይ ከጠየቀቻቸው ይልቅ እነዚህኞቹ በኋላ በብዛት ስልክ ደወሉላት። የፈራ ልብ ምቱን ለፍቅር ሊቆጥረው ይችላል ነው ነገሩ። በሙከራው ላይ ብዙ ክርክር ተነስቷል፤ ሆኖም አባቱን ሊያጣ ሲል ከጎኑ የቆመ ሰው ልቡን ያልነካው ማን አለ? ስሜትሽ ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም። ያኔ በአንድ ጠብ ሰይጣን ያደረግሽውን ሰው አሁን በአንድ ሌሊት መልአክ እንዳታደርጊው ነው የምፈራው።

ስለዚህ ውለታውን ለብቻው መልሺ። አባትሽ መራመድ ከቻሉ አንድ እሑድ ሁላችሁም እነሱ ቤት ሂዱ። አባትሽ ራሳቸው ወላጆቹ ፊት ያመስግኑት፣ ይመርቁት። ይሄ የቤተሰብ ዕዳ ነው፤ በቤተሰብ ይከፈል። አንቺ ብቻሽን ተሸክመሽው በፍቅር የምትከፍይው አይደለም። ከዚያ በኋላ ልብሽ ውስጥ የሚተርፈውን እይው። የሚቀር ካለ ለብቻው ይታወቅሻል።

የእናትሽን ነገር ብዙ አታክብጂው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንድ ቤት ያደጉ ልጆች ብዙ ጊዜ እንደ ወንድምና እህት ይተያያሉ፤ እውነት ነው። እናንተ ግን ስትገናኙ አንቺ 11 ዓመትሽ ነበር፤ የኖራችሁትም በተለያየ ቤት ነው። እናትሽን የሚያስፈራት ሌላ ይመስለኛል። ብትጣሉ ከእሱ እናት ጋር የሚጠጡት ቡና ይቀራል። አጥሩ ደግሞ የትም አይሄድም። ይሄ ፍርሃት ሊከበር ይገባዋል። እንግዲያው ለጊዜው ነገሩን በሁለታችሁ መካከል አድርጊው። ከአቦሉ የወጣ ወሬ በረካው ሳይደርስ ሰፈሩን እንደሚያዳርስ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሦስት ገጽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ውስጥ ያጣሁት ነገር ምን መሰለሽ? እሱ ስለ አንቺ ምን እንደሚያስብ አንድ መስመር የለም። ለዓመታት ሲያይሽ መንገድ የምትቀይሪ ልጅ ነበርሽ። ይሄንን አላየም ብለሽ ነው? ምናልባት ኩሩ ናት ብሎ ትቶሽ ይሆናል። ምናልባት ሌላ ሴት አለችው። ምናልባትም አባትሽን ያዘላቸው ስለሚወዳቸው ብቻ ነው። ጠይቂው። ‹ያኔ ስለ እኔ ምን ታስብ ነበር?› ማለት የፍቅር ጥያቄ አይደለም፤ አያሳፍርም። ብቻ አጥሩ ሥር ቆማችሁ አይሁን። እሱን ከሰፈራችሁ ውጭ አይተሽው አታውቂም። አጂፕ አካባቢ ሻይ ጠጡ፤ ቀኑ ከፈቀደ ወደ ጅሬን በእግራችሁ ውጡ። አስተናጋጁን እንዴት እንደሚያናግር፣ ሐሳብሽን ስትቃወሚው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እዪ። ጫቱንም በግልጽ ጠይቂው፤ ይቅማል ወይ ሳይሆን በሳምንት ስንት ቀን፣ ከየትኛው ሥራ በሚገኝ ገንዘብ ብለሽ። መልሱ ደስ ካላለሽ የአባትሽ ውለታ አፍሽን አይያዘው።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማው አንቺው ንገሪው። ሊቆጣ ይችላል። ቢቆጣ ስለ ልጁ ጥብቅና አትቁሚ፤ የተሰበረው የእሱ ጥርስ ነው። በደብዳቤሽ መሃል ግን በቀላሉ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ። ወንድምሽ በማግስቱ ከአጋሮ ደርሶ ሁለቱ አንድ ሌሊት አብረው አስታመው አድረዋል። ምን እንዳወሩ ጠይቂው።