ጭራዋ ስትወጣ እግርዎ የት ነበር?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ጉልበታም መኪናን ስለ መቆጣጠር ናቸው። ረዣዥሞቹን አሳጥረን፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ፈጣን መኪና ለመንዳት የእጅ ጓንት ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። ይልቅ ጫማዎን ይዩ፤ ሶሉ ስስ፣ ጎኑም ጠባብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጠያቂው 500 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ መኪና ከገዙ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ዝናብ ካባራ በኋላ የሚያውቁት ኩርባ ውስጥ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገቡ። መሀል ላይ ሲደርሱ ፍጥነቱ በዛ ብለው ሰጉና እግራቸውን ከነዳጁ ባንዴ አነሱ። ጭራዋ (የኋላ ክፍሏ) ወደ ጎን ወጣች፤ መሪውን ቢያዞሩ በሌላው በኩል ተመልሳ ወጣች፤ በመጨረሻም ፊቷን ወደ መጡበት አድርጋ ቆመች። «ጉልበቷ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ሌሊት ሰው በሌለበት መንገድ መንሸራተት የሚቆጣጠረውን ሲስተም አጥፍቼ ልለማመድ ነው» ይላሉ።

መልስ፦ እንኳን ተረፉ። አሁን ግን አንድ ነገር እናስተካክል፤ ያዞረዎት የሞተሩ ጉልበት አይደለም። ጭራዋ በወጣችበት ቅጽበት እግርዎ ነዳጁ ላይ አልነበረም። ያዞረዎት የእግርዎ አነሳስ ነው፤ ይህ ደግሞ 100 የፈረስ ጉልበት ባላት መኪናም ይደርሳል።

የሆነው እንዲህ ነው። መኪናዋን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኛት የአራቱ ጎማዎች መሬት የነካው ክፍል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም። ኩርባ ውስጥ ሳሉ ነዳጁን ባንዴ ሲለቁ ክብደቷ ወደፊት ይሄዳል። የፊት ጎማዎች ተጭነው አስፋልቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ፤ የኋላዎቹ ይቀልላሉ። በዚያ ላይ ነዳጅ ያጣው ሞተር የሚያስረው እነዚያኑ የቀለሉትን የኋላ ጎማዎች ነው። የጎማ አቅም አጭር ብርድ ልብስ ማለት ነው፤ ፍጥነት ለመቀነስ የተሳበው ያህል ከመዞሪያው ይጎድላል። እርጥብ መንገድ ላይ ብርድ ልብሱ የባሰ ያጥራል። የፊቱ ይዞ የኋላው ሲለቅ ጭራዋ የማትወጣበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ከኩርባው በፊት ያለ ነው። ፍሬን የሚያዘው መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ኩርባው ውስጥ ሲገቡ ፍጥነቱ ተቀንሶ ያለቀ መሆን አለበት። ውስጥ ከገቡ በኋላ በዛ ብለው ከሰጉ ነዳጁን አይጣሉት፤ እያሳሱ ይመልሱት። ከእግር ጣትዎ ሥር ስፖንጅ እንዳለና ቀስ ብሎ እንደሚነሳ አድርገው ያስቡት። በጣም ትንሽ ነዳጅ እንደያዙ መቆየት መኪናዋን ከሁሉ ይልቅ ያረጋጋታል።

ጭራዋ ከወጣች ደግሞ ዓይንዎን ከዛፉና ከመንገድ ዳር መከላከያው ላይ ያንሱ። እጅ ዓይን ያየበት ይሄዳልና መሄድ የሚፈልጉበትን የመንገዱን ክፍል ይዩ። መሪውን ጭራዋ ወደ ወጣችበት በኩል በፍጥነት ይመልሱ፤ ፍሬኑን አይንኩ። ከዚያ የጭራዋ መሄድ የሚቆምባት አንዲት ቅጽበት አለች፤ ወንበሩ ከጀርባዎ ሥር ጸጥ ሲል ይሰማዎታል። ያኔ መሪውን በዚያው ፍጥነት ወደ ቀጥታው ይመልሱት። እርስዎን የጣለዎት ይህ ነው። የመጀመሪያውን መውጣት አስቁመውታል፤ መሪውን ግን በወቅቱ አላላሉትም። የኋላ ጎማዎች ሲይዙ የፊቶቹ አሁንም ወደ ጎን ዞረው ስለነበር መኪናዋን በሌላው በኩል ወረወሯት። ሁለተኛው መወርወር ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ክብደቷ ከዳር እስከ ዳር ተንዶ ስለሚመጣ ብዙ ሰው የሚጋጨው በዚህኛው ነው። መመለስ እንደማትችል ሆና ከዞረች ግን ትግሉን ይተዉት፤ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን እስከ ጥግ ረግጠው እስክትቆም አይልቀቁ።

አሁን ወደ ሌሊቱ ሐሳብዎ። አያድርጉት። ያ ሲስተም የመሪዎን አቅጣጫ፣ የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት፣ መኪናዋ በራሷ ዙሪያ የምትዞርበትንና ወደ ጎን የምትገፋበትን መጠን እየለካ ያነጻጽራል። ጭራዋ ስትወጣ ከውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። እርስዎ ለአራት ጎማ ያለዎት አንድ ፔዳል ነው፤ የቱንም ያህል ቢሠለጥኑ ይህን መሥራት አይችሉም። ቦሽ የሠራው ሲስተም በ1995 እ.ኤ.አ. መርሴዲስ ላይ ወጣ። በ1997 እ.ኤ.አ. አንዲት ኤ-ክላስ መርሴዲስ ስዊድን ውስጥ እንቅፋት የመሸሽ ፈተና ላይ ስትገለበጥ ፋብሪካው በኤ-ክላስ ሁሉ ላይ ገጠመው። ከኖቬምበር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆነ። የስፖርት ሞድ ቁልፍ በብዙ መኪኖች ላይ ይህን ሲስተም እንደሚያላላም ይወቁ፤ የዚያን ዕለት የትኛው ሞድ ላይ እንደነበሩ አልጻፉልንም።

መለማመድ መፈለግዎ ግን ትክክል ነው፤ ቦታው ነው ያልተስተካከለው። የሚያስፈልግዎ ሰፊ፣ ምሰሶም ቦይም የሌለበት፣ ውኃ የሚረጭበት የማሠልጠኛ ሜዳና ከጎንዎ የሚቀመጥ አሠልጣኝ ነው። ውኃው የጎማውን አቅም ስለሚቀንስ በ80 የደረሰብዎ ነገር እዚያ በጣም ባነሰ ፍጥነት ይደርሳል። በ80 የምትሄድ መኪና ከፍጥነቷ የተነሳ የያዘችው ጉልበት በ40 ከምትሄደው አራት እጥፍ ነውና ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋም እንደዚያው ይቀንሳል።

መጀመሪያ በቀጥታ መስመር ከ60 ኪሎ ሜትር ላይ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ይርገጡ። ጎማው ታስሮ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኤቢኤስ ሲሠራ ፔዳሉ እግርዎን ይመታዋል። ብዙ አሽከርካሪ ይህን ምት በሕይወቱ ሰምቶት ስለማያውቅ ያን ጊዜ ደንግጦ ይለቃል፤ መልቀቅ የለብዎትም። ቀጥሎ ፍሬኑን እንደረገጡ እንቅፋት ሸሽተው ማለፍን ይልመዱ። ከዚያ እርጥብ ክብ ላይ በ30 ይጀምሩና የፊት ጎማዎች መሳት እስኪጀምሩ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ፤ መሪው እጅዎ ላይ ባዶ ሆኖ ሲቀል ያውቁታል። ያኔ መሪውን ይበልጥ ማዞር አይረዳም፤ ነዳጁን ማሳሳት፣ መሪውንም ጥቂት ማላላት ነው መፍትሔው። ሲስተሙን ማጥፋት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ አሠልጣኙ ሲፈቅድ ነው። ከተቻለ ደግሞ ትምህርቱን ቀላል፣ ጉልበቷም አነስተኛ በሆነች መኪና ይጀምሩት፤ ቀስ ብላ ስለምትንሸራተት ምን እየሆነ እንዳለ ለማየት ጊዜ ትሰጣለች። አሠልጣኝ ስንል ለይስሙላ አይደለም። ሰው ብቻውን ሲለማመድ የሚያጠነክረው ያንኑ የለመደውን ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ በአራቱም ጎማ የምትገፋ መኪና አትንሸራተትም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ስትነሳና ስትፈጥን ትረዳለች። ስትቆምና ስትዞር ግን ያው አራት ጎማ ነው ያላት፤ ሌላውም መኪና አራት አለው።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ኮምፒውተር ላይ በመሪና በፔዳል የመኪና ውድድር እጫወታለሁ። በዚህ መንዳት ተምሬያለሁ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ግማሹን ተምረሃል፣ ያም ቀላል አይደለም። ዓይንህን ወደ ፊት ማራቅ፣ ፍሬንን ከኩርባ በፊት መጨረስ፣ መሪን በወቅቱ ማላላት ጥሩ ሲሙሌተር ላይ ይለመዳል። የማይለመደው በወንበሩ በኩል የሚመጣው ነው። እውነተኛ መኪና ላይ ጭራው መውጣት ሲጀምር ዓይን ከማየቱ በፊት ወገብ ይሰማዋል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የምታውቀው ካየኸው በኋላ ነው። ፍርሃቱም የለም፤ እግርን ከነዳጁ ባንዴ የሚያስነሳው ደግሞ እሱ ነው። ገንዘብ ስታገኝ መጀመሪያ ካርት (ትንሿን የመወዳደሪያ መኪና) ንዳ። በአነስተኛ ፍጥነት ብዙ ያስተምራል።

ጥያቄ፦ የስፖርት መኪናዬ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ናት። ጎማዎቿ 9 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጥርሳቸው ግን እንዳዲስ ነው። ጎሚስታው «ምንም አይሉም» አለኝ።

መልስ፦ አይመኑት። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ ሙቀትና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል፤ የደረቀ ላስቲክ ጥርሱ ጥልቅ ቢሆንም አስፋልቱን አይቆነጥጥም። በተለይ የእርስዎ ዓይነቱ የስፖርት ጎማ የተሠራው ለስላሳ ሆኖ እንዲይዝ ነውና ልስላሴውን ሲያጣ የገዙበት ምክንያት አብሮ ይጠፋል።

በ2013 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ተዋናዩ ፖል ዎከር ተሳፍሮባት የሞተባት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ጎማዎቿ 9 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። መኪናዋ ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ሲኖራት፣ ከላይ ያነሳነው መንሸራተት የሚቆጣጠር ሲስተም አልነበራትም። መርማሪዎቹ ምክንያቱ ፍጥነት መሆኑን ነው የደመደሙት፤ በሰዓት ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድ ነበር። ግን የጎማዎቹን ዕድሜም ሳይጠቅሱ አላለፉም።

ዕድሜውን ራስዎ ያንብቡ። የጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። አራቱንም ይቀይሩ። አዲሶቹን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች አያስጨንቋቸው፤ ፊታቸው ገና ልሙጥና አንሸራታች ነው። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆንም ለሞቃት አየር የተሠራ (የበጋ) ጎማ እንደሚደነድን አይርሱ፤ አንዳንድ መኪኖች በብርድ ማለዳ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የሚዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ጎማ ብቻ ለመግዛት ነው አቅሜ። ፊት ይሁን ኋላ?

መልስ፦ የጎማዎቹ መጠን አንድ ከሆነ አዲሶቹ ኋላ፣ መኪናዋ በፊት ጎማ የምትጎተት ብትሆንም። የፊቱ ሲስት ነዳጅ በማሳሳት ይመለሳል፤ የኋላው ሲስት ምን እንደሚሆን ከላይ አንብበዋል።

ጥያቄ፦ ከነዳጅ መኪና ወደ ኤሌክትሪክ ተዛወርኩ። እርጥብ ቁልቁለት ላይ እግሬን ሳነሳ ኋላዋ ወዝወዝ አለብኝ። ብልሽት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና እግር ሲነሳ ሞተሩ ባትሪውን መልሶ እየሞላ መኪናዋን ያስራታል፤ የምትገፋው በኋላ ጎማ ከሆነ የሚታሰረው የኋላው ነው። እግር ማንሳት ፍሬን መያዝ ሆነ ማለት ነው። መንገድ ሲያንሸራትት ይህን ኃይል ከሴቲንጉ ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት፣ መርገጫውንም ቀስ ብለው ይልቀቁ። ከዚያ በኋላም ከወዘወዘች ለመካኒክ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኔ ለሰለሰና እስከ ወለሉ ወረደ። ሲቀዘቅዝ ተመለሰ፤ ስለዚህ ተውኩት።

መልስ፦ አይተዉት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን የሚፈላበት ሙቀት እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃልና ኃይሉ ጎማው ጋ አይደርስም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩ፤ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ።

ጥያቄ፦ ጠያቂዋ ባለፈው ሳምንት መኪናቸው ዞራ ከመንገድ ዳር መከላከያ ጋር ተጋጨች። ኤርባጉ ፈነዳ፣ ቁስል የለም። ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ግን አንገታቸው ደርቋል፣ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ብርሃን ያስጠላቸዋል። የሚጠይቁን መቼ እንደገና መንዳት እንደሚችሉ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። መኪና ሲዞር ጭንቅላት ከምንም ጋር ሳይጋጭ አንጎል ሊናወጥ ይችላል፤ ምልክቱም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የራስ ምታት ይዞዎት ከባሰ፣ ካስመለሰዎት፣ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለዎት ወይም ንግግርዎ ከተምታታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄዱት። እዚያም ራስዎ ነድተው አይሂዱ፤ ሰው ይውሰድዎት። መሪ የሚይዙበትን ቀን የሚወስነው የመረመረዎት ሐኪም ነው፣ እኛ አይደለንም።

ጥያቄ፦ ወንበሬን አስተኝቼ መንዳት ይመቸኛል፤ ባለቤቴ ትቆጣለች። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ባለቤትዎ። ትከሻዎ ከወንበሩ ሳይነሳ ክንድዎን ሲዘረጉ የእጅ አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ፍሬኑን እስከ ጥግ ሲረግጡም ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር። እጆችዎ ሰዓት ላይ 9 እና 3 በሚሆኑበት ቦታ ይሁኑ። ተኝተው ሲነዱ መሪውን በፍጥነት ለማዞር ሰውነትዎን ከወንበሩ ያነሳሉ፤ ያን ጊዜ የጭራዋን መውጣት ቀድሞ የሚነግርዎትን የወንበሩን ስሜት ያጣሉ። ነገ ጠዋት ሞተር ሳያስነሱ የወንበሩን መደገፊያ ቀና ያድርጉትና አንጓዎን ይለኩ።